ካርሎስ ቻጋስ፤ በልብ ውስጥ የተሸሸገውን በሽታ ያገኘው ሐኪም

ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ደጋውን ለቆ ቍልቍለቱን ከጀመረ በኋላ በበረሓው እንዳይመሽበት መቸኰል ነው። ከቢቸና በኩል ወደ ሸለቆው የሚወርደውም ሰው ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል፤ በዓባይ ቈላ ያደረ ሰው ንዳድ ሳይዘው አይመለስም እየተባለ ከአባት ከአያት ሲነገር የመጣ ነውና። ድልድዩ ራሱ በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት የተሠራ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ዋናው ቅስት ስለ ተሰበረ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ወጣለት፤ ከዚያም ወዲህ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ኖረ። እንዲህ ባለው ስፍራ ድልድይ ለመሥራት ወይም መንገድ ለማውጣት የሚያስብ መሐንዲስ ከድንጋዩና ከብረቱ አስቀድሞ የሠራተኛውን ጤና ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርብላችሁ ሐኪም ስሙን ያስጠራውን ሥራ የሠራው ከአገራችን እጅግ ርቆ፥ በብራዚል ነው። ነገር ግን የተላከበት ምክንያት ለዓባይ ሸለቆ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በወንዝ ዳር በረሓ ይሠራ የነበረውን የምድር ባቡር ሐዲድ ወባ ስላቆመው፥ ወባውን ተከላክሎ ሥራውን እንዲያስቀጥል ነበር የተላከው። ሄዶም ወባውን ሲዋጋ፥ ከወባው ጀርባ ተደብቆ የሰውን ልብ የሚያደክም፥ እስከዚያ ቀን ማንም ያላወቀው ሌላ በሽታ አገኘ። ስሙ ካርሎስ ቻጋስ ይባላል፤ የአገሩ ሰዎች ግን ሻጋስ ብለው ይጠሩታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቻጋስ ጁላይ 9 ቀን 1879 ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ጠቅላይ ግዛት፥ በኦሊቬይራ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የቡና እርሻ ተወለደ። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተ፥ እርሻውን የማስተዳደርና ልጆቹን የማሳደግ ሸክም በወጣቷ እናቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እናቲቱም ልጇን የኢየሱሳውያን ካህናት ከሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባችው። በ1888 በብራዚል የባሪያ ነጻነት ሲታወጅ፥ ነጻ የወጡት ሰዎች በየእርሻው ሁከት አስነሥተዋል የሚል ወሬ በትምህርት ቤቱ ተሰማ። ትንሹ ካርሎስም ለእናቱ ሠግቶ፥ ማንንም ሳያስፈቅድ ከትምህርት ቤቱ ጠፍቶ ወደ እርሷ ገሠገሠ። በዚህም ምክንያት ተባረረና ትምህርቱን በሌላ ከተማ ቀጠለ።

እናቱ የማዕድን መሐንዲስ እንዲሆንላት ትመኝ ነበር። ልጁ ግን ለዚህ ትምህርት መሰናዶ በጀመረበት ጊዜ ታሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በዚያም ሐኪም የነበረው አጎቱ ስለ ሕክምና እያጫወተ ልቡን ሳበው። በ1897 ሪዮ ዴ ዣኔይሮ ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ።

የዚያን ጊዜዋ ሪዮ የመንግሥት መቀመጫ ብትሆንም ቢጫ ወባ፥ ፈንጣጣና ወረርሽኝ የሚፈራረቁባት ከተማ ነበረች። በዚሁ ዘመን ኦስቫልዶ ክሩስ የሚባል፥ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት የተማረ ብርቱ ሐኪም ከከተማው ወጣ ባለ ማንጊንዮስ በተባለ ቦታ የምርምር ቤት አቋቁሞ ነበር። ቻጋስ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ወባ ሕመምተኞች ደም በ1903 የጻፈው በዚህ ሰው ጥላ ሥር ሆኖ ነው። ክሩስ ወዲያውኑ ሥራ ሊሰጠው ቢፈልግም ወጣቱ በመጀመሪያ ከማይክሮስኮፕ ይልቅ የሕመምተኛን አልጋ መረጠ። ይህን ምርጫውን ልብ ማለት ይገባል፤ ወደፊት ያገኘውን ነገር ያገኘው ሁለቱን፥ ማለት አልጋውንና ማይክሮስኮፑን፥ ባለመለያየቱ ነውና።

በ1904 ኢሪስ ሎቦ የምትባለውን ወይዘሪት አገባ። በ1905 የሳንቶስ ወደብ ኩባንያ በኢታቲንጋ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሲያሠራ ሠራተኞቹ በወባ ስለ ወደቁበት፥ ቻጋስ እንዲረዳው ተለመነ። በዚያ ዘመን ወባን የሚከላከል ሰው ሁሉ የሚያስበው ረግረጉን ስለ ማድረቅና በውሃው ላይ ዘይት ስለ ማፍሰስ ነበር። ቻጋስ ግን ሰው በወባ የሚያዘው በቤቱ ውስጥ ተኝቶ ሳለ መሆኑን ተመለከተ፤ ትንኟም ከታመመው ጠጥታ ወደ ጤነኛው የምታልፈው እዚያው በአንድ ጣራ ሥር ነው። ስለዚህ ቤቶቹን በመድኃኒት ጢስ አሳጠነ፤ በሽታውም በጥቂት ወራት ውስጥ ታገሠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዲዲቲ ሲገኝ ዓለም ሁሉ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በአገራችንም በ1959 የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኞች መርጫቸውን በጀርባቸው ተሸክመው የየጎጆውን ግድግዳ ሲረጩ የነበረው በዚሁ ሐሳብ ነው።

በ1907 የማዕከላዊ ብራዚል ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደ ሰሜን ሲዘረጋ በቬልያስ ወንዝ አጠገብ ሥራው ቆመ። ክሩስም ቻጋስንና ቤሊሳሪዮ ፔና የተባለውን ሐኪም ወደዚያ ላካቸው። ላሳንስ የምትባለው መንደር ገና ሐዲዱ የደረሰላት፥ የወንበዴና የመንገደኛ መናኸሪያ ነበረች። ለሐኪሙ የተሰጠው መኖሪያ አንድ የባቡር ፉርጎ ነበር። በእርሱም ውስጥ ይተኛል፤ በዚያው ሕመምተኞቹን ያያል፤ በዚያው ማይክሮስኮፑን አስቀምጦ ይመረምራል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያ አካባቢ ሲዘዋወር ከምድር ባቡሩ ዋና መሐንዲስ፥ ከካንታሪኖ ሞታ ጋር ተዋወቀ። የመሐንዲሱ ስም ከእኛው ከሞጣ ከተማ ስም ጋር መቀራረቡ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። ይህ ሰው በገበሬዎች ጎጆ ውስጥ በሌሊት እየወጣ የተኛውን ሰው ፊት የሚነክስ ተባይ መኖሩን ነገረው። ተባዩ የትኋን ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ከትኋን ብዙ እጅ ይበልጣል፥ ክንፍም አለው። ቀን በተሰነጠቀው የጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳኑ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ መብራት ሲጠፋ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ስለሚያርፍ የአገሩ ሰዎች ባርቤይሮ፥ ማለት ጠጕር አስተካካይ፥ ብለው በቀልድ ስም አውጥተውለታል። ሕዝቡ ከመልመዱ የተነሣ ነገሬ አይለውም ነበር።

ቻጋስ ግን ሰው ሲተኛ ደም የሚጠጣ ነገር ሁሉ ሊጠረጠር እንደሚገባው ከወባ ተምሯል። ተባዮቹን ይዞ ሆዳቸውን ቢመረምር፥ በአንጀታቸው መጨረሻ ላይ እንደ ጅራፍ ባለ ጭራ የሚዋኙ ረቂቃን ፍጥረታት አገኘ። ጥቂት ተባዮችንም ወደ ማንጊንዮስ ላከ፤ ክሩስ በቤተ ሙከራ ያደጉ ትንንሽ ጦጣዎችን አስነከሰባቸው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ጦጣዎቹ ታመሙ፤ በደማቸውም ውስጥ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀ ትራይፓኖሶማ ተገኘ። ቻጋስም ለመምህሩ መታሰቢያ እንዲሆን ትራይፓኖሶማ ክሩዚ ብሎ ሰየመው። ትራይፓኖሶማ የሚለው ስም ለጎጃም ከብት አርቢ ባይታወቅም ሥራው ይታወቃል፤ በዓባይ ሸለቆ ቈላዎች ከብት የሚጨርሰው ገንዲ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከዚሁ ወገን በሆኑ ተሐዋስያን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻም በጋምቤላ በሰው ላይ የታየው የእንቅልፍ በሽታ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ በሽታን የማግኘት ተራ እዚህ ላይ ተገለባበጠ። ወትሮ ሐኪሞች አስቀድመው በሽታውን ያውቃሉ፤ ከዚያ ምክንያቱን፥ በመጨረሻም አስተላላፊውን ይፈልጋሉ። ቻጋስ ግን መጀመሪያ ተባዩን፥ ቀጥሎ ተሐዋሱን አገኘ፤ የቀረው ሕመምተኛው ነበር። ወደ ላሳንስ ተመልሶ ተባይ የበዛባቸውን ቤቶች ሲመረምር በአንድ ቤት ድመት ደም ውስጥ ተሐዋሱን አየ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ በዚያው ቤት የምትኖር በረኒስ የምትባል የሁለት ዓመት ሕፃን በብርቱ ትኵሳት ታመመች። ፊቷ አብጦ፥ ጕበቷና ጣፊያዋ ጨምረው ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን 1909 ደሟን በማይክሮስኮፕ ቢያይ ተሐዋሱ በውስጡ ሲንቀሳቀስ ተገኘ። ያን ጊዜ ቻጋስ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር።

እስከዚህ ያለው የድል ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ከዚህ ይልቅ የሚከብድና የሚያሳዝን ነው።

በላሳንስ ጎጆዎች ውስጥ ትኵሳት ከያዛቸው ሕፃናት ይልቅ ሐኪሙን ያስጨነቁት ጐልማሶቹ ነበሩ። ገና በሠላሳና በአርባ ዓመት መካከል ያሉ ሰዎች ደረታቸው እየደነገጠ፥ እግራቸው እያበጠ፥ ትንፋሽ እያጠራቸው ይመጣሉ። የደም ሥራቸውን ሲዳስስ አመታቱ የተዛባ ሆኖ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ መትቶ ይቆማል፤ ሌላው እጅግ ከመዘግየቱ የተነሣ ሊቈጠር ይችላል። ትናንት እርሻ ውሎ የገባ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ወድቆ ይሞታል። ዘመዶቹም የዕድሜው መጨረሻ ነው ብለው ይቀብሩታል። ቻጋስ ይህ ሁሉ ሞት ከተባዩ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ አሰበ። በ1911 ጋስፓር ቪያና የተባለ ባልደረባው የሞቱትን ሰዎች አካል መርምሮ ተሐዋሱ በልብ ሥጋ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ እየተራባ እንደሚኖር አሳየ። ይህ ቪያና በ1912 ሌይሽማንያ የሚባለውን በሽታ በአንቲሞኒ መድኃኒት ማዳን እንደሚቻል የገለጠ ሰው ነው፤ ከአስከሬን ምርመራ በያዘው በሽታ በ1914 በ29 ዓመቱ ሞተ።

የበሽታው ጠባይ እንዲህ ነው። ተሐዋሱ ከገባ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ትኵሳት ያስነሣል፤ ብዙ ጊዜም ያ ትኵሳት ሳይታወቅ ያልፋል። ከዚያ ዝም ይላል። ዐሥር፥ ሃያ፥ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከተያዙት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ አንዳች ሳይሰማቸው ዕድሜአቸውን ይጨርሳሉ፤ ነገር ግን ከመቶው እስከ ሠላሳ የሚደርሱት ልባቸው ቀስ በቀስ ይጐዳል። የልቡ ሥጋ በጠባሳ ይተካል፤ የልብን ምት የሚመራው መሥመር ይቈረጣል፤ ልቡም እንደ ለፋ ስልቻ ይሰፋል። ሕፃን ሳለ በተነከሰበት ምሽት የገባው ነገር በአርባ ዓመቱ ሲገድለው፥ ሁለቱን የሚያያይዝ ምስክር ከየት ይመጣል?

የቻጋስ ችግር ይህ ነበር። የተሸሸገውን የልብ ጉዳት ለሌላው ሐኪም በዓይን ማሳየት አልቻለም። ራጅ ያን ጊዜም ነበረ፤ ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 ኖቬምበር 8 ቀን አግኝቶታል። እንዲያውም ይህ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለው ከእኛ ታሪክ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው፤ በ1896 ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤት፥ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት የጣልያን ወታደሮች ክንድ ውስጥ ጥይት የተፈለገው በራጅ ነበር። ነገር ግን ጥይት ሌላ፥ የሚመታ ልብ ሌላ ነው። ደግሞም በባቡር ፉርጎ ውስጥ በኵራዝ ብርሃን የሚሠራ ሐኪም የራጅ መሣሪያ ከየት ያመጣል? ቻጋስ የነበረው እጁ፥ ጆሮውና የልብን ትርታ በወረቀት ላይ የሚጽፍ ቀላል መሣሪያ ነው። በዚሁ ብቻ ከባልደረባው ከኤውሪኮ ቪሌላ ጋር የበሽታውን የልብ መልክ በ1922 ጽፎ አወጣ። ዛሬ ያሉ የልብ ሐኪሞች ያንን ጽሑፍ ሲያነቡ በጣቱ ዳስሶ ያን ያህል ማየቱ ያስደንቃቸዋል።

ክብርና መዓርግ አልጐደለበትም። በ1912 በጀርመን አገር ሻውዲን በተባለው የጥገኛ ተሐዋስያን ሊቅ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለ። በ1917 መምህሩ ክሩስ ሲሞት የምርምር ቤቱ ዳይሬክተር ሆነ። በ1918 የኅዳር በሽታ፥ እኛ አገር ኅዳር የሚታጠንለት ያው ወረርሽኝ፥ ሪዮን በመታ ጊዜ የመከላከሉን ሥራ የመራው እርሱ ነው። ከዚያም የአገሩ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኀላፊ ሆኖ እስከ 1926 ሠራ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም አስከፈተ። በ1921 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሰጠው። ለኖቤል ሽልማት በ1913ና በ1921 በዕጩነት ቀርቦ ነበር፤ በ1921 ግን የሕክምናው ሽልማት ለማንም ሳይሰጥ ቀረ።

ሹመት ወዳጅንም ጠላትንም ያበዛል። በብራዚል የሕክምና አካዳሚ ውስጥ፥ ሐኪምና ደራሲ የነበረውን አፍራኒዮ ፔይሾቶን የመሰሉ ሰዎች የቻጋስን ግኝት ማጥላላት ጀመሩ። በሽታው የላሳንስ በሽታ ነው እንጂ የብራዚል በሽታ አይደለም፤ ጥቂት ሕመምተኞች ብቻ ያሉትን ነገር የአገር መቅሠፍት አድርጎ መናገር አገርን ማዋረድ ነው አሉ። ከአርጀንቲናም በኩል ተባዩን አግኝተን ሕመምተኛውን አጣን የሚል ድምፅ መጥቶ አጠናከራቸው። በ1922 የተቋቋመው የአካዳሚው ኮሚሲዮን ጉዳዩን አንድ ዓመት ያህል ከመረመረ በኋላ፥ ተሐዋሱን ያገኘው ቻጋስ መሆኑን አጽንቶ፥ በሽታው በአገሪቱ ምን ያህል ተስፋፍቷል ለሚለው ዋና ጥያቄ ግን መልስ ሳይሰጥ ተበተነ።

እውነቱን ለመናገር ቻጋስ ራሱ ለጠላቶቹ በር የከፈተባቸው ስሕተቶች ነበሩ። በሚናስ ዤራይስ እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ እርሱም እንቅርቱ ከዚሁ ተሐዋስ የመጣ መሰለው። በጎጃም ደጋ እንቅርት ማየት የለመደ አንባቢ፥ ነገሩ የአዮዲን ማነስ መሆኑን ዛሬ በትምህርት ቤት ይማራል። ያን ጊዜ ግን ጠላቶቹ እንቅርቱ ከተሐዋሱ እንዳልሆነ ሲያሳዩ፥ የልቡንም ነገር አብረው ጣሉት። ደግሞ ተሐዋሱ በተባዩ ንክሻ ይገባል ብሎ ነበር፤ ፈረንሳዊው ብሩምፕት ግን ተባዩ ከጠጣ በኋላ በሚጥለው ኩስ እንጂ በንክሻው እንዳልሆነ በ1912 አሳየ። የተነከሰው ሰው ሲያክ ኩሱን ወደ ቍስሉ ወይም ወደ ዓይኑ ያስገባዋል። አንድ ሰው በሁለት ነገር ስለ ተሳሳተ በሦስተኛው ተሳስቷል ማለት የክርክር ብልሃት ነው እንጂ የሊቃውንት ሚዛን አይደለም። ቢሆንም ለዐሥር ዓመት ያህል ይህ ሚዛን ሠራ፤ በጎጆዎቹ ውስጥ ያለው ሰውም እንደ ወትሮው እየሞተ ዕድሜው ነው ተብሎ ይቀበር ነበር።

ካርሎስ ቻጋስ ኖቬምበር 8 ቀን 1934 በሪዮ በ55 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። ሮንትገን ራጅን ያገኘበት ቀን ከዓመቱ ተመልሶ የዋለበት ዕለት ነበር። ልቡን ያቆመው ግን ያጠናው ተሐዋስ ሳይሆን ማንንም የሚይዘው የልብ ደም ሥር ሕመም ነው።

ምስክሩ የመጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በአርጀንቲና ሳልቫዶር ማሳ የተባለ ሐኪም፥ እንደ ቻጋስ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የምርምር ቤት አደራጅቶ በገጠሩ ተዘዋወረ፤ ጠፍተዋል የተባሉትንም ሕመምተኞች አንድ በአንድ አገኛቸው። በ1943 ደግሞ የማንጊንዮስ ሐኪሞች በሚናስ ዤራይስ፥ በባምቡዪ ከተማ ጣቢያ ከፈቱ። ኤማኑኤል ዲያስና ፍራንሲስኮ ላራንዣ በዚያ የገጠሩን ሕዝብ ደም መረመሩ፤ ቀጥለው ልቡን በራጅ አነሡት፤ የልቡን ኤሌክትሪክ በወረቀት ጻፉት። በራጁ ፎቶግራፍ ላይ የልቡ ጥላ ከደረቱ ስፋት ከግማሽ በላይ ይዞ ታየ፤ በወረቀቱም ላይ የተቈረጠው የምት መሥመር ተነበበ። ይህም በአንድ ሰው ሳይሆን በብዙ ሰው፥ በአንድ መንደር ሳይሆን በየመንደሩ ተደጋገመ። ቻጋስ በጣቱ የዳሰሰው ነገር አሁን ሥዕል ሆኖ በጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

ከራጅ በኋላ የመጣው መሣሪያ የበለጠ አሳየ። በ1953 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ኸርትስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ፥ የመርከብ ፋብሪካ ብረት የተሰነጠቀ መሆኑን የሚፈትሽበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተውሰው በሰው ደረት ላይ አኖሩት። አሠራሩን ለመረዳት ወደ ዓባይ ገደል መመለስ ይበቃል። በአፋፉ ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ ይሰማዋል፤ ገደሉ ቅርብ ከሆነ የገደል ማሚቶው ቶሎ ይመለሳል፥ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። መሣሪያውም ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ልብ ይልካል፤ ከልቡ ግድግዳና ከበሮቹ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ ለክቶ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሠራል። ያለ ቢላዋ፥ ያለ መርፌ፥ ልቡ ሲመታ ይታያል።

በቻጋስ በሽታ የተያዘ ልብ በዚህ ሥዕል ላይ ልዩ ምልክት አለው። የግራው የታችኛው ክፍል ጫፍ ሥጋው ሳስቶ ወደ ውጭ ይነፋል፤ አንገቱ ጠበብ ያለ ትንሽ ቅል ይመስላል። ሌላው የልብ ክፍል ሲኰማተር ይህ ቦታ አይኰማተርም። ደሙም በዚያ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ደም ተቈርሶ ወደ አንጐል ከሄደ ሰውየውን ሽባ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ቅሉን ሲያይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ማሰብ ይኖርበታል። በመግነጢስ የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ጠባሳውን ከደኅናው ሥጋ ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ሥዕል ብቻውን አይበቃም፤ የሰፋ ልብ ሁሉ የተሐዋስ ልብ አይደለምና የደም ምርመራውና ሰውየው ያደገበት ቤት አብረው መጠየቅ አለባቸው።

ይህ ተባይ በኢትዮጵያ ጎጆዎች የለም፤ ስለዚህ አንባቢ በየግድግዳው ስንጥቅ መሥጋት አይገባውም። በአገራችን ልብን ከሚያገኙት ጥገኛ ተሐዋስያን አንዱ ከውሻ የሚመጣ ትል ነው። ውሻው የታረደ በግ ወይም ከብት የታመመ ሳንባና ጕበት ሲበላ ትሉን ያገኛል፤ ሰውም በውሻው ኩስ የወጣውን ዕንቍላል በእጁ ወይም በምግቡ ሲውጥ በሰውነቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያድጋል። ብዙ ጊዜ ከረጢቱ በጕበትና በሳንባ ነው፤ ከመቶ ሕመምተኞች ከሁለት በማይበልጡት ግን በልብ ውስጥ ይገኛል። በደቡብ ኦሞ በሐመር ሕዝብ መካከል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይዘው የተጓዙ ሐኪሞች በሆድ ውስጥ ያለውን ከረጢት በዚሁ ዘዴ ለይተውታል። በልብ ላይ ያለው ሲሆን ለይቶ ማወቁ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ከረጢቱ ዕጢ መስሎት ሳይጠነቀቅ በመርፌ የወጋው ሐኪም ውሃው ተበትኖ ሕመምተኛው በዚያው ሰዓት ሊሞትበት ይችላል። በድምፅ ሞገድ ሥዕል ላይ ግን ግድግዳው የጠራ፥ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ ትንንሽ ከረጢቶች ያቀፈ ሆኖ ስለሚታይ ማንነቱ ይታወቃል።

የቻጋስ የበኵር ልጅ ኤቫንድሮ የአባቱን ሥራ ወርሶ፥ በ1936 በብራዚል ካላዛር የያዛቸውን ሰዎች እያጠና ሳለ በ1940 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ካላዛርን የሚያመጣው ተሐዋስ የአባቱ ተሐዋስ የቅርብ ዘመድ ነው። በ2005 ከጣና በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው በትኵሳት ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ሕመምተኞቹም ቪያና በጀመረው በአንቲሞኒ መድኃኒት ታከሙ። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ብዙ ሳይራቅ፥ ከወባ ጀርባ ሌላ በሽታ ተሸሽጎ የተገኘበት ይህ ነገር የላሳንስን ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ የሚያስታውሰው ነው።

ብራዚል ቤቶችን በመድኃኒት በመርጨትና የጭቃውን ግድግዳ በተሻለ በመተካት ዋናውን አስተላላፊ ተባይ ከቤት ማባረሯ በ2006 ተመሰከረላት። የዓለም የጤና ድርጅት ዛሬም በዓለም ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሐዋሱን ተሸክመው እንደሚኖሩ ይገምታል። ኤፕሪል 14 ቀንም ከ2020 ጀምሮ የበሽታው መታሰቢያ ሆኖ ይውላል።

በዚያ ቀን ደሟ የታየው ሕፃን አልሞተችም። አድጋ፥ ሴት ወይዘሮ ሆና፥ በ1961 እንደ ገና ስትመረመር ተሐዋሱ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በደሟ ውስጥ ነበር። የልቧ ኤሌክትሪክ ሲጻፍ ግን ጉዳት አልተገኘባትም። ከ70 ዓመት በላይ ኖራለች።